ቁልፉን ይዘው በመርከብ ለተንሸራሸሩት ሰብሳቢያችን

ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 1976 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ደሳለኝ፣ የመስኖ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የባሕር ማዶው ብርድና የእኛ የቆላው ሙቀት ተፈራርቀውብዎት እንዳይታመሙ ክርስቲያኑም እስላሙም በየእምነቱ ሲጸልይልዎ ከርሟል። እኔ ደብሪቱ ነኝ፤ ከቦዩ ግርጌ በቆሎ የምዘራው ባሏ የሞተባት ሴት። ፊደል ያስቆጠረኝ አብዮቱ ስለሆነ፣ በጻፍኩት ቅር ቢሰኙ ወቀሳውን በእኔ ላይ ብቻ እንዳይጥሉት በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጉዞዎ እንኳን ደስ ያለዎት። መስኖ ሊያጠኑ ሌኒንግራድ ደርሰው በተመለሱ ማግስት አዳራሽ ሰብስበው ፎቶግራፉን አሳዩን። ከተማይቱ በቦይ የተሸነሸነች መሆኗን፣ በየዳርቻው የጥንት ነገሥታት ቤተ መንግሥት መደርደሩን፣ እርስዎም በነጭ መርከብ ላይ አልጋው፣ ምግቡ፣ መጠጡ፣ ሙዚቃው ሳይቀር ተችሎልዎት ከድልድይ ድልድይ ሲንሸራሸሩ መሰንበትዎን በሰፊው ገለጹልን። ጥቁር የዓሣ እንቁላል ዳቦ ላይ ተቀብቶ እንደሚበላም ከእርስዎ ተማርን፤ ትምህርቱ የተሰጠን ቁርስ ሳንቀምስ ስለነበር በሚገባ ገብቶናል። እትዬ ሐምዲያ ብቻ እጃቸውን አውጥተው፣ «ጓድ ሰብሳቢ፣ በዚያ ሁሉ ቦይ ምን ያጠጡበታል?» ቢሉ፣ «ለማጠጫ አይደለም እትዬ፣ ለመዝናኛ ነው» ብለው መለሱላቸው። አዳራሹ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፋ፤ መሳቅ የደፈረ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስለ ራሳችን ቦይ። ከመሄድዎ በፊት «እንግዶች መጥተው ሪባን ሳይቆረጥ አንዲት ጠብታ እንዳታልፍ!» ብለው የውሃውን የብረት በር በጓጉንቸር ስለቆለፉልን እናመሰግናለን። ቁልፉም በኮትዎ ኪስ አብሮዎት ባሕር ተሻገረ። የበልጉ ዝናብ ቀረ። የሮቢ ወንዝ ውሃ እስከ በሩ እየመጣ ፊቱን አዙሮ ቁልቁል ሲወርድ፣ የበቆሏችን ቅጠል እንደ ገመድ ተጠቀለለ። ምክትልዎን ብንለምናቸው፣ «ቁልፉ ከጓድ ጋር ነው፤ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» አሉን።

ጎረቤቴ ሷሊሕ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር በልቶ የጨረሰ ሰው ነው። ሚስቱ ናፊሳ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማሳው ዳር ቆሞ የተጠቀለለውን ቅጠል በእጁ ዳሰሰ፤ ከዚያ መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ በሩ አመራ። ተከትዬው ሮጥኩ።

«ተው ሷሊሕ፣ ይገሉሃል» አልኩት።

«ይሄ በቆሎ ከደረቀስ ማንም ሳይነካን እናልቅ የለ?» አለኝና «ቢስሚላህ» ብሎ መታው።

ጓጉንቸሩ እየተወዛወዘ ሲያስቸግረው በድንጋይ ደግፌ የያዝኩለት እኔ ነኝ። እስኪሰበር አልለቀቅኩትም። ውሃው ሲለቀቅ ሰው ሁሉ ከየቤቱ እየሮጠ መጣ፤ ገሚሱ እልል ሲል ገሚሱ አለቀሰ። በቆሎው ተረፈ።

ሦስተኛ፣ እርስዎ በተመለሱበት ቀን ሷሊሕን «የአብዮት ጠላት፣ አሻጥረኛ» ብለው በቆርቆሮው መጋዘን አስቆለፉበት። ናፊሳ በሳምንቱ ሴት ልጅ ተገላገለች። አባትየው እንዲያያት ቢለመኑ አልፈቀዱም። የዘበኛውን የዘውዴን ዓይን እየፈራች፣ አራሷ ልጇን ታቅፋ ከመጋዘኑ ግድግዳ ተጠግታ፣ «አልቅሺ፣ የኔ እናት፣ ድምፅሽን ይስማው» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሕፃኗ ግን እንቅልፏን ተኝታ ነበር። ከውስጥ ሷሊሕ፣ «ተያት፣ ትተኛ፤ መኖራችሁን አወቅሁ» አላት።

አሁን ደግሞ ነገ ወደ በላይ አካል ይላካል ማለትዎን ሰማን። ወደዚያ ተልኮ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየንም። ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሷሊሕን ወደ ቤቱ ይስደዱልን። ካልሆነ መጥረቢያውን የያዘው ብቻ ሳይሆን ጓጉንቸሩን የያዘችውም አብራ ትላክ። ቤቴን ያውቁታል፤ አልሸሽም።

ለደከሙልን ሁሉ ውለታዎን የሚከፍል አምላክ በጤና ያቆይዎ፤ የዘሩትንም ለማጨድ ያብቃዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ደብሪቱ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ወረቀት በአዳራሹ በር ላይ ልለጥፍ ስወጣ መጋዘኑ ተከፍቶ አገኘሁት። እባክዎ ዘውዴን አይቅጡት፤ «ክፈት ብዬሃለሁ!» ብለው የቆሙበት ወላጅ እናትዎ እማማ አበበች ናቸው። የእሳቸውም በቆሎ ከዚያው ውሃ ጠጥቷል። ሷሊሕ ልጁን ታቅፎ ከእሳቸው ቤት ምሳ እየበላ ነው፤ ሊያስይዙት ከመጡ እናትዎ ከደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው እየጠበቁዎት ነው።