ከወለሉ ሥር ያለው ቫልቭ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ልጄ በደለኝ። በገዛ እጄ ሠርቼ ስንት ዘመን ያገለገለኝን የመጸዳጃ ፓምፕ፣ ገበያ ደርሼ እስክመጣ ነቅሎ፣ በቦታው በባትሪ የሚሠራ መጸዳጃ ገጠመበት። ሳያማክረኝ። «ለእማማ ብዬ ነው፣ ትከሻዋ ፓምፑን መነቅነቅ አልቻለም» አለ። ይሁን። የምንኖርበት ጀልባ ግን የማን ነው? ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነን፣ አልተነጋገርንም።
ዛሬ እንደ ሌላው ቀን ነው። ሰማዩ ደመና። የኋላውን ገመድ ቀየርኩ። ባለቤቴ ጉልበቷን ሐኪም እንዲያይላት ሴቷ ልጃችን ቤት ሄዳለች። እስከ ቅዳሜ ትቆያለች። ጀልባው ጸጥ ብሏል። ይሻላል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
መጸዳጃው ቆመ። ቁልፉን ስጫን ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ውሃ የለም። ደግሜ ተጫንኩ፣ ቆየሁበት። ምንም። እኔ አላልኩም?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ሴቷ ልጄ ደወለች። መጸዳጃው መቆሙን ነገርኳት። ምን አፌን አስከፈተኝ...
«እንግዲያውስ እማማ እዚህ ትቅር፣ አባባ።»
«እስከ መቼ?»
«ለሁሌ ነዋ። በዚያ ጉልበቷ ባልዲ ልትሸከም ነው? ቅዳሜ ስንመጣ ካልሠራ ልብሷን ይዤ እመለሳለሁ።»
ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። «አንተ ሰውዬ፣ በላህ?» አለችኝ። በላሁ አልኳት። አልበላሁም።
ከባትሪው ጀመርኩ። ሙሉ ነው። የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዞታል፤ ፈግፍጌ አጠበቅኩት። የሞተሩ ድምፅ ጠራ። ውሃ ግን የለም። ቱቦው ተደፍኖ ይሆን? ነቅዬ ነፋሁበት። ንጹሕ ነው።
ሌላ ምን ቀረ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ፓምፑን ፈታሁት። ውስጡ ውሃ የሚስብ ትንሽ የላስቲክ መዘውር አለ፣ ዙሪያውን ክንፍ ያለው። ክንፎቹ ተቃጥለው ረግፈዋል። ላስቲክ እንዲህ የሚሆነው በደረቁ ሲሽከረከር ነው። ውሃ ላይ ተቀምጦ ውሃ ማጣት?
የወለሉን ሳንቃ አንስቼ የውሃ ማስገቢያውን ቫልቭ አየሁ። ጥርቅም ብሏል።
የዘጋሁት እኔ ነኝ። ተጠቅሜ ስወጣ ሁልጊዜ እዘጋለሁ። ያልተዘጋ ቀዳዳ ጀልባ ያሰምጣል፤ ሲሰምጥ አይቻለሁ። መክፈቱን ግን እጄ አያውቀውም። የድሮውን ፓምፕ ስሠራ እጀታውን ከቫልቩ ጋር በብረት ዘንግ አያይዤው ነበር፤ እጀታው ሲነሳ ቫልቩ ራሱ ይከፈታል። ስለዚህ ልዘጋ ሄጄ ክፍት ሳገኘው አይደንቀኝም ነበር።
አሁን ግን ዘንጉ የለም። ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ማን ከፈተው?
...
ጉልበቷን ማመም የጀመራት መቼ ነው? አዲሱ ከተገጠመ በኋላ። ተንበርክካ ሳንቃውን ስታነሳ፣ ስትከፍት፣ ስትመልስ። እኔ ስዘጋ፣ እሷ ስትከፍት። አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።
ብትነግረኝስ ምን እል ነበር? አውቀዋለሁ።
አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ልጄ ዘንድ ደወልኩ። ሰላምም አላልኩት። «ላስቲክ አለህ?» «አለ፣ አባባ።» ረፋዱ ላይ ደረሰ።
የተቃጠለውን አገላብጦ አየው። ወደ ቫልቩ ጎንበስ አለ። ከዚያ እኔን አየኝ። ገብቶታል።
«የፋብሪካው ጥፋት ነው፣ አባባ። የዘንድሮ ላስቲክ ደካማ ነው።»
ውሸት አስተምሬው አላውቅም።
«ላስቲኩ ደህና ነበር» አልኩት።
መፍቻውን አነሳ። አዲሱን ሲገጥም እጁን አየሁ። ብሎን ሲያጠብቅ አይቸኩልም። ይህንንስ አስተምሬዋለሁ።
«ያ የጣልከው ዘንግ ቢኖር ደግ ነበር» አልኩ።
«ማን ጣለው? ፓምፑም ዘንጉም እኔ ቤት ናቸው። ዘይት እቀባቸዋለሁ።»
ለምን አልነገርከኝም ልለው... ለካ የማላናግረው እኔ ነበርኩ።
«ሂድና ዘንጉን አምጣ።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ዘንጉን ቫልቩ ላይ ገጠምነው። አሁን ቆሞ፣ ወገብ ላይ በሚደርስ እጀታ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሲዘጋ እጀታው ቁልፉ ላይ ይጋደማል፤ ሳይከፍቱ መጫን አይቻልም። መዝጋቱን አልተውኩም። አልተውምም።
ከሰዓት መጡ። ሴቷ ልጄ ሻንጣውን ከእጇ ሳታወርድ ቆመች። ባለቤቴ ወደ መጸዳጃው ገባች። ጠበቅን። ሞተሩ ሠራ፣ ውሃው ወረደ፣ እጀታው ቀጭ አለ። ዘግታ ነው የወጣችው።
«ምንድን ነው ይኼ?»
«እጀታ ነው።»
«እሱንስ አይቼዋለሁ።» እጇ ወደ ጉልበቷ ሄደ። «መንበርከክ ቀረ በለኛ።»
«አንቺ ሴት፣ ሦስት ወር ሙሉ...»
«ሻይ ላፍላ?» አለች።
ሴቷ ልጄ ሻንጣውን አስቀመጠች። ወንዱ ሳቁን ውጦ መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ። ሻይ ሳትጠጣ አትሄድም አልኩት። ቁጭ አለ።
ማን ነቀለ፣ ማን ዘጋ፣ ማን ከፈተ... ከእንግዲህ ከአፌ አይወጣም። እዚህም አልጽፈውም።
ሆድ ይፍጀው።