ፍሬን ይዛ የተጓዘች መኪና

ወልድያ፣ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለኡበይደላ፣
አዳማ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። እኔና ልጅህ ለይላ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቤታችንን በሩ ተገንጥሎ አገኘነው፤ ጣሪያው ግን አልተነካም። ስትደውል የማላነሳው ድምፅህን ከሰማሁ ያሰብኩትን ሁሉ ስለማልነግርህ ነው። ስለዚህ ጻፍኩት።

አንተ ሥራ ፍለጋ አዳማ ከወረድክ በኋላ ደብረ ብርሃን የቀረችውን መኪና ወንድሜ ሙባረክ ነድቶ አገራችን አስገባን። ከአንድ ፈረንጅ ስትገዛት ውስጧ ያለውን አልጋ እያሳየኸኝ «ቤትም መኪናም ናት» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? እውነትህን ነው፤ ተፈናቅለን ወራት አደርንባት። ቤንዚን መጠጣቷን ግን አልተወችም። ሙባረክ ደሴ ሳንደርስ ሁለት ጊዜ ቀዳ። «እትዬ፣ ይቺ መኪና ጤና የላትም» አለኝ።

መርሳ ላይ መካኒኩ ዘውዱ ጋራዥ በር ቆምን፤ በነሐሴ ጦርነቱን ስንሸሽ የቆምንበት በር። ያን ቀን ቤንዚን ትጨርሳለች ስትለው ዘውዱ የኋላ ቀኙን ጎማ ዳሰሰና «ይሄ ይፋጃል፤ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ ልፍታው» አለህ። አንተ ደግሞ «ወንድሜ፣ ተኩሱ አይሰማህም? ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ የአየር ማጣሪያውን አጽድቻለሁ። የከበዳት ጭነቱ ነው» አልከው።

ከዚያ ዞረህ ጭነቱን አየህ። ፍሪጁ ነበረ። ሁለት ኩንታል ጤፍ ነበረ። እናቴ ነበረች። የወረደችው እናቴ ናት። «ቤንዚኑ ሁላችንንም ደሴ አያደርሰንም፤ ነገ ተመልሼ እወስድዎታለሁ» አልካት። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ።

ያስጠጋቻት የዘውዱ ሚስት ዘነበች ናት። እየተሳቀቀች ነገረችኝ። «የግፊት መድኃኒቷ በመስከረም አለቀ። ፋርማሲው ሁሉ ተዘርፎ ነበር፣ የት ልሂድ? መኪና በሰማች ቁጥር ‹ልጆቼ መጡ› እያለች ወደ በር ትወጣ ነበር።» ኅዳር ላይ አረፈች። ጎረቤት ያሉ ሙስሊሞች አጥበው፣ ከፍነው ቀበሯት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ዱዓ አድርጌ ከቀብሯ ስመለስ ዘውዱ መኪናዋን በክሪክ አንስቷት ደረስኩ። ሌሎቹ ጎማዎች በእጅ ሲገፉ ይዞራሉ። የኋላ ቀኙ ንቅንቅ አልል አለ። ሲፈታው ፍሬኑን የሚለቀው ሞላ በዝገት ተበጥሷል፣ ጎማውን የሚይዘው ሸራ ተጣብቆ ቀርቷል።

«ይሄን ሁሉ አገር ፍሬን እንደያዘች ነው የሄደችው» አለ ዘውዱ። «ሞተሩ ወደ ፊት ይጎትታል፣ ፍሬኑ ወደ ኋላ። ቤንዚን ባትጨርስ ነበር የሚገርመኝ።» እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዓይኔን ሳያይ «የእናትሽ ክብደትማ ምን አላት፣ እህቴ» አለኝ።

ሞላውን ከአሮጌ መኪና አውልቆ ገጠመልኝ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ከመርሳ ወልድያ ስንገባ የቤንዚን ቆጣሪው የተነቃነቀ አይመስልም ነበር። ሙባረክ ደስ ብሎት ሲያሳየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መኪናዋ ለሥራ ደርሳለች፤ መጥተህ ውሰዳት። ለይላም አባቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። ዘመዶቼ ግን «እናትሽን መንገድ ላይ የጣለ ሰው እዚህ ቤት እንዳይገባ» ይሉኛል። እኔ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው ለምን እንደሆነ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፤ አንተ ያን ጊዜ ሞተር እያስነሳህ ስለነበር አልሰማህም። እናቴ በሩን ይዛ «ናጅዋ፣ አብረሽኝ አትቀሪም?» አለችኝ። እኔም «ነገ እንመጣለን፣ እማ» ብዬ እጇን ከበሩ ላይ አነሳሁት።

አላህ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ፤ ለእሷም ቀብሯን ያስፋላት።

ናጅዋ