ላልሞተው ኮራል ሙሾ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ባሕር የሚባል ነገር የለም ብዬ የሳይንስ መምህርቷን ሰሎሜን ከቤቴ አስወጣሁ የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። በልጅነቴ ቀይ ባሕርን ካርታ ላይ ስቼ ስላመለከትሁ አለንጋ ቀምሻለሁ፤ ባሕርን አልክድም። ሰሎሜም እሑድ ሻይዋን ጠጥታ ነው የሄደችው።

የመጣችው ለቅሶ ቤት ሙሾ እንደማወርድ ሰምታ ነው። ተማሪዎቿ ቅዳሜ ስለ ባሕር ትርኢት ያሳያሉ። ኮራል የሚባል የባሕር ፍጥረት ውሃው ሞቆበት እየነጣ ነውና ሙሾ ያውርዱለት አለችኝ።

“ሞቷል?” አልኋት።

“አልሞተም እማማ፣ ታሟል። ውሃው ከቀዘቀዘለት ሊድን ይችላል።”

“ታዲያ በቁሙ ላልቅስበት? አንቺ ጉንፋን ሲይዝሽ መጥቼ ሙሾ ባወርድብሽ ደስ ይልሻል?”

“እኔ እሰማለሁ፤ እሱ ጆሮ የለውም” ብላ ሳቀች።

“ዘመዶቹስ?”

ሳቋን ተወች። “ዘመዶቹማ ብዙዎቹ ሞተዋል።”

ከዚያ ወዲህ ግራ ገብቶኛል። ለሞቱት ሙሾ ይገባቸዋል። ግን ለታመመ ሰው የዘመዱን ሞት አናረዳም፤ አጠገቡም አናለቅስም። እንቢ ብል ደግሞ ልጆቹ ባሕሩን እንደ ፈተና ጥያቄ ሸምድደው ይረሱታል፤ የሰሎሜ ፍርሃት ይኸው ነው። ፍርሃቷ ልክ ይመስለኛል።

ነገ በመጀመሪያ ለሰሎሜ እደውላለሁ። የሞቱትን ስም በየተራ ታጽፈኛለች። ቀጥሎ፣ ታማሚውን ኮራል ሆና የምትጫወተው ተማሪ ሙሾው እስኪያልቅ ከአዳራሹ እንድትወጣ አሳስባታለሁ። ልጅቷ ስትመለስ ማን እንደሚያረዳት ግን ገና አላወቅሁም።