የመታጠቂያው ሌላ ጫፍ

ጥቅምት 8

ዛሬም አንሶላ። ሆቴሉ ሞልቷል፤ ምድር ቤት ያለነው ልብስ ተኳሾች ከጠዋት ጀምሮ ቀና አላልንም። የካውያው እንፋሎት ሲነሳ ክፍሉ ደመና ውስጥ የገባ ይመስላል… ባልደረባዬ ከጠረጴዛው ማዶ ስትስቅ ጥርሷ ብቻ ነው የሚታየኝ። ይሄን ሰዓት እወደዋለሁ። እጄ ይሠራል፣ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ።

ከሥራ መልስ ወንድሜ ጋ ጎራ አልኩ። እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። መስኮቱን ከፍቶ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል፣ እንደሚያይ ሰው። ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ጠዋት ጠዋት የመናፈሻውን ሐይቅ ሳይዞር ቁርስ የማይቀምስ ሰው… አሁን ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ።

«ቁንጫ፣ አንቺ ነሽ?» ገና በሩን ስነካው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ቁንጫነቴ አልቀረም።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትስቂ።»

አልሳቅኩም። አብረሽኝ ሩጪ ነው ያለኝ።

ጥቅምት 9

እኔ? ሩጫ? አውቶቡስ ሲያመልጠኝ እንኳ ቆሜ የምሸኘው እኔ?

ጥቅምት 13

ሄድን። መናፈሻው በር ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ሯጮች አሉ። ሯጭ ስል… ዳቦ ጋጋሪ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ሁለት ጸሐፊዎች፣ ጉልበቱን የሚያሻሽ አንድ ታክሲ ነጂ። የሚመሯቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሁሉም «ኮማንደር» ይሏቸዋል። ቁመታቸው ትከሻዬ ጋ አይደርስም፤ ግን ሲያዩኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ጫማዬን አስወልቀው አገላበጡት። «ይሄ ለሠርግ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወንድሜን በእጁ ይዘው፣ «የድሮ ሯጭ እንደሆንክ አቋቋምህ ይናገራል። ግን ሁለት ዓመት ተቀምጠሃል፤ እግርህ ያስታውሳል፣ ጅማትህ ረስቷል። ከዜሮ ነው የምትጀምረው።»

«ከዜሮ በታችም እሺ» አላቸው። የሒሳብ ሰው!

እጃችንን የሚያገናኘውን ማሰሪያ ከሆቴሉ አመጣሁት። ተበጣጥሶ ከተጣለ የመታጠቢያ ጋውን መታጠቂያውን ቆርጬ በሁለቱም ጫፍ ቀለበት ሰፋሁለት። አንዱ በሱ እጅ፣ አንዱ በእኔ።

አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ስምንት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ደረሰ። ኮማንደር ከኋላ፦ «አንቺ! እየሮጥሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ያንቺ ሥራ ደግሞ ወሬ ነው። እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አንቺ እግር ይዘሽ ምን አስቸኮለሽ?»

ጥቅምት 15

ደረጃውን የኋሊት ወረድኩ። ባቴ የኔ አይደለም።

ጥቅምት 27

ጭጋግ። ሐይቁ የለም፣ ማዶው የለም፣ ከፊታችን አሥር እርምጃ መንገድ ብቻ። ዛሬ ሁለታችንም እኩል አናይም አልኩት። ሳቀ… እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነው?

አራት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ። እግራችን አንድ ሆኖ ጠጠሩን ሲረግጥ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ነገር መጣብኝ፣ ደስ የሚል። ማውራት ይቀለኝ ጀምሯል። «ድንጋይ በቀኝ። ኩሬ፣ ዝለል። ሁለት አሮጊቶች፣ አንዷ ውሻ ይዛለች።»

«የኔ ዛፍስ?» አለኝ። ድሮ ሮጦ ሲጨርስ ተደግፎ እግሩን የሚያፍታታበት ትልቅ ዛፍ። ተቆርጧል። ጉቶው ብቻ ነው ያለው።

«አለ» አልኩት። «ቅጠሉ ወደ ውሃው አዘንብሏል።»

ለምን እንዲህ አልኩ? ደስ ይበለው ብዬ። ከዚያ ቀጠልኩበት… የሌሉ ነጭ ወፎች፣ የሌለች ቀይ ጀልባ። ጭጋጉም አልመሰከረብኝ።

ህዳር 4

ኮማንደር ዛሬ ለጥር መጨረሻ በከተማው ለሚደረገው የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ አስመዘገቡን። ወንድሜ መታጠቂያውን በእጁ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው።

መንገድ ላይ የጥርስ ሐኪሙ ለጋጋሪው ሲያንሾካሹክ ሰማሁ፦ «ሰውዬው ፈጣን እኮ ነው። እህትየው ባትጎትተው ይበር ነበር።» ክፋት የለበትም። ግን ውስጤ ገባ። ሸክም ነኝ ማለት ነው? ቤት ስገባ መስታወቱ ፊት ቆሜ ሆዴን ጨበጥኩት።

ከዛሬ ጀምሮ እራት የለም።

ህዳር 11

ኮማንደር ስለ ምግብ ተናገሩ። መሮጥ የጀመረ ሰው ከበፊቱ የበለጠ እንጂ ያነሰ መብላት የለበትም፤ ከመሮጥ ሁለት ሰዓት በፊት ዳቦ ወይ አጃ፣ ጊዜ ከጠፋ አንድ ሙዝ፤ ሮጠው ሲጨርሱ ሳይቆዩ እንቁላል ወይ ወተት፤ ውሃ በየቀኑ እንጂ በሩጫው ቀን ብቻ አይደለም። «ሰውነታችሁን ያለ ደሞዝ አታሠሩት» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከትናንት ምሳ ወዲህ ከሻይ በቀር የቀመስኩት የለም።

ወንድሜ በጆሮዬ፦ «በልተሻል አይደል?»

«በላሁ።»

ህዳር 20

ሦስት ኪሎ ቀነስኩ! ግን ካውያው ከበደኝ። የትራስ ልብስ ስተኩስ ሁለቴ ቁጭ አልኩ። ባልደረባዬ «ፊትሽ እንደ አንሶላው ነጣ» አለችኝ። እንቅልፌም ተዛብቷል፤ በሕልሜ ዳቦ አየሁ፣ ዳቦ ብቻ።

ህዳር 25

እንዴት ልጻፈው…

ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነበርን። ቁልቁለት። መጀመሪያ ድምፅ ራቀ፤ ከዚያ የመንገዱ ዳርና ዳር ነጣ፣ የምድር ቤቱ እንፋሎት ሁሉ የመጣብኝ መሰለኝ። የሚያስፈራ እንኳ አልነበረም። ለስላሳ ነው። ጠርዝ አለ ልለው አፌን ከፈትኩ… ቃሉ አልወጣም።

ዓይኔን ስገልጥ ኮማንደር እግሬን ወደ ላይ ይዘውታል። ወንድሜ ጎኔ ወድቋል። ግንባሩ ደምቷል፣ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አቅፏል፣ መታጠቂያው አሁንም በቀኝ እጁ ላይ ነው። ስሜን እየጠራ ነበር። ቁንጫ አላለም፤ ስሜን ነው የጠራው።

ህዳር 26

የእጁ አንጓ ተሰንጥቋል። አራት ሳምንት በጀሶ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ሐኪሙ «ረሃብ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ጨረሰኝ። ለአርባ አንድ ዓመት ሴት! አፈር ልብላ።

የወንድሜ ሚስት ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። መዋዕለ ሕፃናት ነው የምታስተምረው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም።

«ዓይኑ ሄደ፣ እጁንም ጨምሪበት! ደህና ተቀምጦ የነበረ ሰው!»

«እትዬ፣ እኔ…»

«ምንም አትበይኝ። በሬን እንዳትረግጪ።»

ሃያ ዓመት «እንዴት ዋልሽ፣ ደህና ዋልሽ» ተባብለን የኖርን ሰዎች ነን። ይሄ ረጅሙ ንግግራችን ነው።

ታህሳስ 3

ወንድሜ ራሱ አስጠራኝ። ሚስቱ በሩን ከፍታ ወደ ኩሽና ገባች።

ከየት እንደምጀምር አላወቅኩም። ሁሉንም ነገርኩት፤ እራቱን፣ የጥርስ ሐኪሙን ወሬ፣ በላሁ ያልኩትን ሁሉ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፦

«ዛፉስ?»

ደነገጥኩ። «የቱ ዛፍ?»

«እሱ ጋ ስንደርስ ድሮ ጥላ ነበር፣ ቀዝቀዝ ይላል። አሁን ፀሐዩ ፊቴን ይመታኛል። ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ፣ ቁንጫ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ያለሽ መስሎኝ።»

ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን ስንዋሽ ከረምን ማለት ነው? ቆይቶ ጀሶውን እየነካካ እንዲህ አለ፦ «ብትደክሚ እንቆማለን። ብትወድቂ እንነሳለን። ግን እኔ የምረግጠው መሬት አይደለም፣ ቃልሽን ነው። እሱ ባዶ ከሆነ የት ልርገጥ?»

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። «ሂጂና ብዪ» አለኝ።

ታህሳስ 4

ቁርስ፦ አጃ በወተት፣ ሁለት እንቁላል፣ ሙዝ። ምሳ፦ ሩዝ በምስር፣ ሰላጣ። እራት፦ ድንች፣ ዓሣ፣ ዳቦ… ሌላም ዳቦ።

ታህሳስ 16

ኮማንደር ዘንድ ለብቻዬ ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «እኔም ወጣት ነርስ ሳለሁ ሳልበላ ውዬ ወድቄያለሁ፣ የማስታምመው በሽተኛ አልጋ ላይ ነው የወደቅኩት» አሉኝ። ከዚያ ደረቅ አድርገው፦ ለሦስት ሳምንት ቀላል ሶምሶማ ብቻ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። በመሃሉ እረፍት። «እረፍት ስንፍና አይደለም፤ ሰው የሚጠነክረው ሲሮጥ አይደለም፣ ሮጦ ሲያርፍ ነው።»

ብቻዬን ዞርኩ። ሐይቁ ላይ ነጭ ወፍ አልነበረም። አንዲት ጥቁር ዳክዬ ነበረች፣ አንድ እግሯን አንስታ የተኛች። ስመለስ ስለ እሷ ለወንድሜ ነገርኩት። «ይቺስ እውነት ናት» አለ። እንዴት እንዳወቀ እንጃ።

ታህሳስ 27

ጀሶው ወለቀ። እጁ ቀጥኗል። እየተራመድን ሐይቁን አንድ ጊዜ ዞርን። ሚስቱ እስከ በር ሸኘችን፤ ዓይኗን ጫማችን ላይ ጥላ ቀረች።

ጥር 14

ስድስት ኪሎ ሜትር ሳንቆም! እያወራን! ያየሁትን ብቻ ነው የነገርኩት… የተቀደደ ማስታወቂያ፣ አንድ ጫማ አጥር ላይ፣ ሰማዩ የታጠበ ሸሚዝ ይመስላል። ማስዋብ እንደማያስፈልግ ማን ነገረኝ? ያለው ይበቃል።

ያላየሁትን ደግሞ «አላየሁም» እላለሁ። ያኔ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኔም እቀንሳለሁ።

ጥር 28

ነገ ነው። አዲስ ነገር አትብሉ፣ አዲስ ጫማ አታድርጉ፣ በጊዜ ተኙ ብለውናል ኮማንደር። ሩዝ በላሁ። እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ።

ጥር 29

ሩጫው። ሕልም የመሰለ ቀን።

ሺህ ሰው። መንገዱ ከመኪና ሲጸዳ እንዴት ሰፊ ነው! ወንድሜ ግን መነሻው ላይ ነጣ። መንገዱን የሚያውቀው በድምፅ ነው፤ እዚያ ደግሞ ድምፅ ሁሉ ተደበላልቋል። «ምንም አይሰማኝም፣ ቁንጫ» አለኝ። መታጠቂያውን አሳጠርኩት፣ ክንዴ ክንዱን እስኪነካ። ማውራት ጀመርኩ፣ አላቋረጥኩም። አምስት ኪሎ ሜትር ድረስ አሁን የማላስታውሰውን ሁሉ ለፈለፍኩ።

ስምንተኛው ላይ ደከመኝ። ራሴ ጭው ሊል ሲል አሁን አውቀዋለሁ። ድሮ ቢሆን ጥርሴን ነክሼ…

«ጋሼ፣ ደከመኝ።»

«እንራመድ» አለ። ወዲያው፣ ሳያንገራግር። ሰው እየጎረፈ አለፈን። ውሃ ጠጣን፣ ከኪሴ የያዝኩትን ተምር ተካፈልን።

«ሁለት ደቂቃ» አለ መልሰን መሮጥ ስንጀምር። «ማንም አልሞተም።»

አንድ ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ። የጥርስ ሐኪሙ ቀድሞን ገብቶ ነበር፤ ሲያጨበጭብ መነጽሩ ወደቀ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ፀሐዩ አዙሮ ቆሞ ቀረ። እኔም ምን ታያለህ ብዬ አልጠየቅኩትም።

የካቲት 9

ጋጋሪው ረቡዕ ረቡዕ ወንድሜን ማስሮጥ ፈልጓል። ፈጣን ነው፣ ይመጥነዋል። ወንድሜ «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ደስ ይለኛል» አልኩት። እውነት ነበር? ግማሹ።

የካቲት 16

ረቡዕ መሆኑን እያወቅኩ እግሬ ወሰደኝ። ጎህ ሲቀድ የወንድሜን በር አንኳኳሁ። ሚስቱ ከፈተችልኝ።

«ሄዷል እኮ። ከጋጋሪው ጋር።» ወንበሩ ባዶ ነው፤ የታጠፈ ልብስ ተቆልሎበታል። ቀናሁ? አዎ፣ ቀናሁ። ሳቄም መጣ።

ልሄድ ስዞር «ቆዪ» አለችኝ። ገብታ ተመለሰች። የመሮጫ ጫማ አድርጋለች፣ አዲስ፣ ማሰሪያው የተንሻፈፈ። መሬት መሬት እያየች፦ «እኔንስ አታስሮጪኝም?»

ጎንበስ ብዬ ማሰሪያዋን ፈታሁ፣ ጣቷ እንዳይጨናነቅ አላልቼ መልሼ አሰርኩላት። ምን በልተሻል አልኳት። ሙዝ አለች። ከመቼ ጀምሮ ነው የተዘጋጀችው?

አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ጠዋቱ ለስላሳ ነበር፣ ውሃው እንደ ወተት። ሦስተኛው ላይ እንደኔው አፏን ከፍታ ቆመች። «ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው» አልኳት።

«ምን እናውራ?»

«የፈለግሽውን።»

ጥቂት ተራመድን። ከዚያ ወደ ሐይቁ እያየች፦ «እኔ የፈራሁት መውደቁን አልነበረም። ሳይወድቅ እዚያው ወንበር ላይ እንዳያልቅብኝ ነበር። በየጠዋቱ እሱን እያየሁ እወጣለሁ፣ ስመለስም እዚያው ነው። የጮህኩብሽ ግን በመውደቁ። አየሽ ነገሬን?»

«አየሁ፣ እትዬ።»

ከዚያ ማን ያቁማት! ሃያ ዓመት ያጠራቀመችውን አወረደችው፤ የሠርጓ ቀን የጠበበ ጫማ፣ እኔ ኩራተኛ እመስላት እንደነበር… እኔም ተቀበልኳት፤ ለካ እሷም ኩራተኛ ትመስለኝ ነበር። መሮጡንም ረሳነው፣ መልሰን አስታወስነው። ግማሹን ሐይቅ እንኳ አልዞርንም። አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ብርቱካን ላጥን። ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ጸጉሯ ተበትኗል፣ ስታምር!

«ነገም?» አለችኝ።

«ነገ እረፍት ነው» አልኳት። «ከነገ ወዲያ።»