የጀልባዋ ወጪ

ይድረስ ለወንድሜ ለዓሪፍ፣ ጅቡቲ።

አሰላሙ ዐለይኩም፤ አላህ ባለህበት በጤና ያቆይህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ መርሳ ዝናቡ ጥሩ ነው፤ እማንም ጉልበቷን ተሽሏታል።

ገቢና ወጪያችንን በሁለታችን ስልክ የምንመዘግብበት አፕ ሊዘጋ ስለሆነ፣ ሁሉንም ወደ አዲስ አፕ እያዛወርኩ ነው። አዲሱ አድካሚ ነው፤ እያንዳንዱን ወጪ በየትኛው ርዕስ ሥር ላስገባው እያለ ይጠይቃል። አንተ የመዘገብካቸውን ሻይህንና ሩዝህን ምግብ ከሚለው ሥር አስገባሁ። እንዴት እንደዋልክ ሁልጊዜ የማውቀው ከእነሱ ነበር።

ከረመዳን በፊት የጻፍካት የመጨረሻዋ ወጪ ግን ቸገረችኝ፤ "ጀልባ" ብቻ ነው የምትለው። አንተ ወንዛችንን እንኳ እጄን ሳትይዝ የማትሻገር ልጅ፣ ጀልባ ላይ ምን ልትሠራ ወጣህ? እማ አጠገቤ ነበረችና "ምንድን ናት?" አለችኝ። "ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ላይ ተዝናንቶ ነው" አልኳት። እያየችኝ ስለነበር መዝናኛ ከሚለው ርዕስ ሥር አስገባኋት።

ስልክህ ስለማይጠራ ደብዳቤውን ጅቡቲ ለሚመላለሰው ሹፌር ለአማን ሰጥቼዋለሁ። "እሱን ካጣኸው፣ አብረውት ለሚኖሩት አንብብላቸውና የሚሉህን መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ" ብዬዋለሁ።

በአዲሱ አፕ እንድትገባ ጥያቄ ልኬልሃለሁ፤ ምላሽ እየተጠበቀ ነው ይላል፤ ጠዋት ማታ ከፍቼ አየዋለሁ። የጀልባዋን ርዕስ ተሳስቼ ከሆነ፣ በአላህ፣ ግባና ራስህ አስተካክላት። እኔ ከእንግዲህ አልነካትም።

አላህ ይጠብቅህ። እማ በመዝናናትህ ደስ ብሏት ሰላም በይልኝ ብላለች።

እህትህ ነሲባ