የበቆሎ ዳቦው ፍትፍት የማን እንደነበረ

ነጌሌ ቦረና፣ ዓርብ ጥር 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

እኔ ወይዘሮ ማሚቴ ወርቅነህ፣ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ፣ ኩላሊቴን ከታመምሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አካሌ ቢደክምም አእምሮዬ ሙሉ ነው፤ የምናገረውን አውቃለሁ፣ ተጽፎ ሲነበብልኝም አዳምጣለሁ። ያስገደደኝም ሆነ ያባበለኝ ሰው የለም። ከዚህ በታች ስማቸው በሚጻፍ አራት ምስክሮች ፊት፣ ልጆቼ ሀይማኖት አምሀ እና ፍቅረማርያም አምሀ ባሉበት፣ ለጸሐፊው ለአቶ ገብረወልድ ይህን ቃሌን አስጽፌአለሁ። ከዚህ በፊት በቃልም ሆነ በጽሑፍ የተናዘዝሁት ነገር ቢኖር በዚህ ተሽሯል።

አስቀድሜ ቀላሉን ልናገር። የምኖርበት መኖሪያ ቤት ከነግቢው ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን። የአንገት ሐብሌና የባህል ልብሶቼ ለሀይማኖት፣ የአባቱ የአምሀ ሰዓትና የወታደርነት ፎቶግራፎቹ ለፍቅረማርያም። ሥርዓተ ቀብሬ ባለቤቴ ባረፈበት ቤተ ክርስቲያን ይፈጸም። ድንኳኑ ከእድሩ ይምጣ እንጂ ሌላ ድግስ አልፈልግም።

ከባዱ ነገር ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤቴ ነው። እርሱን ለወይዘሮ ሎሚ ልጅ ለሸምሳ ሰጥቻለሁ፤ ከነዕቃው፣ ከነጓዳው፣ ከነስሙ።

ይህን ስናገር ልጄ ፍቅረማርያም ከመቀመጫው ተነሣ። ዶሎ ኦዶ በስደተኞች ሥራ ላይ ነውና ለዚህ ብሎ ሁለት ቀን በመኪና ተጉዞ የመጣ ነው። «እማዬ፣ ወተት ለምትሸጠው ሸምሳ? ጣሪያውን እኮ እኔ ነኝ ያደስኩት!» አለኝ። አቶ ገብረወልድ ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሡ። እኔ ግን «ይጻፉት፤ እርሱ ያለውንም ይጻፉት» አልኋቸው። ልጄ የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ነው። ምክንያቱን ሳልናገር ብሞት ዘመኑን ሁሉ እናቴ አእምሮዋን ስታ ነበር ይላል። ስለዚህ ምክንያቱን እናገራለሁ፤ መናገሩም ያሳፍረኛል።

ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ አምሀ በዚህ ከተማ ጦር ሰፈር መካኒክ ነበረ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሠራዊቱ ሲበተን እርሱ ከጓዶቹ ጋር ወደ ሞያሌ ሄደ፣ ድንበርም ተሻገረ። ይኑር ይሙት የማውቀው ነገር አልነበረም። እኛ የወታደር ቤተሰቦች የሰፈሩን ቤት እንድንለቅ ተነገረን። ሀይማኖት ሰባት ዓመቷ፣ ፍቅረማርያም ሦስት። ዘመዶቼ ያሉት መንዝ ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል። ፍራሼን ከበር አውጥቼ ተቀምጬበት ሳለሁ ሎሚ መጣች።

ሎሚ የጉጂ ሴት ናት፤ በየጠዋቱ ለሰፈራችን ወተት የምታመጣ። ከሰላምታ በቀር ብዙ አውርተን አናውቅም ነበር። ያን ቀን ወተት አልያዘችም። «አካም ጅርታ ማሚቴ?» ብላ ደኅንነቴን ጠየቀችኝ። ፍቅረማርያምን አንሥታ በጀርባዋ አዘለችውና «ነይ፣ ፍራሹን በዚያ ጫፍ ያዢ» አለችኝ። በዚያው ሄድን። በእርሷ ቤት ለአሥራ አራት ወር ተቀመጥን። ልጆቼ አዴ ሎሚ ይሏት ነበር፣ እንደ እናት ማለት ነው።

«እኔ አላስታውስም» አለ ፍቅረማርያም።

ሦስት ዓመትህ ነበር፣ እንዴት ታስታውሳለህ? ለዚህም ነው የማስጽፈው።

የ1984 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሲደርስ ቤት ውስጥ ጤፍ የለም፣ ዶሮ የለም። ሀይማኖት «ዘንድሮ በዓል የለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝና ወደ ጓሮ ሄጄ አለቀስሁ። ሎሚ ሰማችኝ። ዱቄት ስትነፋ ደረስሁባት። በምግብ ቤቴ የታወቅሁበትን የበቆሎ ዳቦ ፍትፍት ያን ጊዜ ነው ያስተማረችኝ። አሠራሩን እንደነገረችኝ አስጽፋለሁ፤ እኔ የጨመርሁትን ለይቼ እናገራለሁ።

የበቆሎ ዱቄት ሦስት እጅ፣ የስንዴ አንድ እጅ፣ በእርጎ ተለውሶ ኩፍ እስኪል ይቆያል። በድስት ሆኖ ከታችም ከክዳኑም ላይ እሳት አድርጎ ይጋገራል። ትኩሱን አይነኩትም፤ ሁለት ቀን ይደር፣ ይድረቅ። ከዚያ በእጅ ይፈረፈራል። እኔ በቢላዋ ልቆርጠው ስል እጄን ያዘችኝ። «ቢላዋ ያደርቀዋል፤ በጣትሽ ከሆነ ቅቤው የሚገባበት ያገኛል» አለች። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ ሳይጠቁር በለጋ ቅቤ ይበስላል። ኮሰረትና እሸት በሶብላ ይገባበታል። ሁለት እንቁላል በወተት ተመትቶ በፍርፋሪው ላይ ይፈስሳል። ዳቦው ጠጥቶ እስኪጠግብ ይተዉታል፤ እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ያበላሸዋል። በመጨረሻ ወደ ድስቱ ተመልሶ፣ እሳቱ ከላይ በርትቶ፣ ፊቱ እስኪቀላ ይጠበቃል። እኔ ኋላ የጨመርሁት በወተቱ ፈንታ የዶሮ መረቅ ማድረግን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የእርሷ ነው።

ያን እንቁጣጣሽ ልጆቼ ጠግበው በሉ። ሀይማኖት የድስቱን ቂጥ በጣቷ ጠረገች። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ የበዓል ማዕድ አላየሁም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አምሀ በ1985 ዓ.ም. ተመለሰ። ጋራዥ ከፈተ፣ እግዚአብሔርም ሰጠን። እኔም ምግብ ቤቱን ከፈትሁ። ከክብረ መንግሥት የሚመጣ ሾፌር ሁሉ «የማሚቴ ፍትፍት አለ?» እያለ ይገባ ጀመር። ሎሚ ትመጣ ነበር። ጓዳ ገብታ ድስቱን ከፍታ ታያለች፣ ቀምሳ «ጨው» ትለኛለች ወይም ዝም ትላለች። ዝም ካለች ደስ ይለኝ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ገና የባለቤቴ ታላቅ እህት ኪዳነምሕረት ከመንዝ መጣች። ጾምና ሥርዓት የምታጠብቅ፣ ገና ከሠርጌ ጀምሮ «ለወንድሜ አትመጥንም» ያለችኝ ሴት ናት። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ካህናት አሉ፣ ሹማምንት አሉ። ፍትፍቱን ከዶሮው ጎን አቀረብሁ። ኪዳነምሕረት አንድ ጊዜ ጎርሳ «ይህስ ግሩም ነው፤ የማን እጅ ነው? የዚህ አገር ሰው ምግብ እንዳይሆን ብቻ» አለች። በዚያው ቅጽበት ሎሚ የቅቤ ቅል ይዛ ከበሩ ላይ ቆመች። ለበዓሉ ብላ ያመጣችልኝ ነው።

ሀይማኖት ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። «አዴ ሎሚ!» ብላ ተነሣች፣ ልታቅፋት። ክንዷን ያዝኋትና ጎተትኋት። «ጓዳ ግቢ!» አልኋት። ለኪዳነምሕረት «እናቴ ያስተማረችኝ ነው፤ የመንዝ ነው» አልኋት። «ይህችስ ማን ናት?» አለች። «ወተት የምታመጣልን ሴት ናት» አልሁ።

ይህ ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ወተት ታመጣልን ነበርና። ስለዚህ ለብዙ ዓመት አልዋሸሁም እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ሎሚ አማርኛ እንደኔው ትሰማለች። ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። በሣህን አድርጌ ፍትፍት ሰጠኋት፤ እዚያው ውጭ፣ ከደጁ። ተቀበለችው። ቀጥሎ ሣህኑን ከቅሉ አጠገብ አኖረችና «ናጋቲ» ብላ ተሰናብታ ሄደች። አልበላችውም። አምሀ እንግዶቹ ሲወጡ «ማሚቴ፣ ምን አደረግሽ?» አለኝ። «ለእህትህ ስል ነው» አልሁት። ለእህቱ ብዬ አልነበረም። ለራሴ ብዬ ነው። እርሱ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በእርሱ አላመካኝም።

ሎሚ ከዚያ ቀን በኋላ ቤቴ አልገባችም። እኔም ወደ ቤቷ አልሄድሁም። ከቤታችን ቤቷ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

አንድ ጊዜ ይበቃኝ ነበር፤ ግን ደገምሁት። በ2000 ዓ.ም. የሚሌኒየሙ በዓል ሲከበር የከተማው ሴቶች በሜዳው ላይ የምግብ ውድድር አደረጉ። አንደኛ ወጣሁ። የምስክር ወረቀት ተሰጠኝና ማይክራፎን ያዝሁ። «ይህን ሙያ ያወረሰችኝ ነፍሷን ይማርና እናቴ ናት» አልሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከፊት በኩል ሎሚ ቆማለች፣ ሸምሳ አጠገቧ ናት። ሸምሳ ፊቷን አዞረች። ሎሚ ግን አጨበጨበች። በፌዝ አልነበረም፤ አውቃታለሁ። ለሙያው ነው ያጨበጨበችው፤ የእርሷ ነበርና። ያ ወረቀት በመስታወት ተደርጎ አሁንም ከምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። እናቴ፣ እውነቱ ይነገር ካልን፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግራ አታውቅም።

ልጄ ሀይማኖት ያቤሎ አስተማሪ ሆና ከሄደች ጀምሮ ለገና ወደ ቤት አልመጣችም። ሁልጊዜ ምክንያት አላት፤ ፈተና፣ እርማት፣ መንገድ። እውነተኛውን ምክንያት አውቀው ነበር። ሀይማኖት፣ ክንድሽን የያዝሁበትን እጄን ዛሬም አየዋለሁ። ቢያንስ ለአንቺ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

(እዚህ ላይ ወይዘሮ ማሚቴ ጥቂት ዐርፈው ውኃ ጠጡ። ልጃቸው ወይዘሮ ሀይማኖት አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች። — ጸሐፊው)

ከአሥር ቀን በፊት በባጃጅ ሆኜ ወደ ሎሚ ቤት ሄድሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ዓይኗ ደክሟል። «ማነሽ?» አለች። «ማሚቴ ነኝ።» በሩን በእጇ ዳስሳ ከፈተችው። «ግቢ» አለች ኋላ። «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» «ደኅና ናቸው።» ወተት ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ከብቱ። አንደበቴ ላይ የያዝሁት ቃል አልወጣ አለኝ። «እሺ፣ ደኅና ሁኚ» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። በባጃጁ ውስጥ ሾፌሩ «እትዬ፣ አመመዎት?» እስኪለኝ ድረስ አለቀስሁ። በአፌ የተሳነኝን በወረቀት አስጽፋለሁ ያልሁት በዚያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ፦ ምግብ ቤቱ የሸምሳ ነው። የምስክር ወረቀቱ ከግድግዳው ይውረድ። ስለዚህ ፍትፍት የጠየቀ ሁሉ ሎሚ የምትባል የጉጂ ሴት እንዳስተማረችኝ ይነገረው። ሸምሳ ስጦታውን አልፈልግም ብትል መብቷ ነው፤ ያን ጊዜ ልጆቼ እንደሚስማሙበት ያድርጉት፣ እርሷን ግን ማንም አይጫናት። ፍቅረማርያም፣ ጣሪያውን አንተ አድሰሃል፣ አውቃለሁ። በአንተ ላይ ጣሪያ የነበረው ግን ያን ክረምት የማን እንደነበረ አሁን ሰምተሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኑዛዜ ሰው ሲሞት ይነበባል። ይህኛው ግን ሞቴን እንዲጠብቅ አልፈልግም። ከነገ ወዲያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሎሚ ቤት፣ እኔም እዚያው ተቀምጬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብ። ከሞትሁ በኋላ ማፈርንስ ማን ይፈራል?

ከምስክሮቹ አንዱ አቶ ሌንጮ «እሜቴ ማሚቴ፣ ይህን ያህል ይበቃል እኮ፤ በሰው ፊት ራስዎን አያዋርዱ» አሉኝ። «ሎሚንም በሰው ፊት ነው ያዋረድኋት» አልኋቸው። ቃሌ ይኸው ነው፤ ተነቦልኝ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜአለሁ።

ማሚቴ ወርቅነህ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ አቶ ሌንጮ ጃርሶ (ፊርማ)፤ መሪጌታ ወልደየሱስ አስፋው (ፊርማ)፤ ወይዘሮ ቀድሪያ ሁሴን (የጣት አሻራ)፤ አቶ ሺሬ አደን (ፊርማ)።

በኑዛዜው ላይ የተጨመረ፣ እሑድ ጥር 26 ቀን 2011 ዓ.ም.

እኛ ከላይ የፈረምነው ምስክሮችና ጸሐፊው፣ በተናዛዧ ትእዛዝ መሠረት ወደ ወይዘሮ ሎሚ ቤት ሄደን ኑዛዜውን አንብበናል። ወይዘሮ ማሚቴ በልጆቻቸው ተደግፈው መጥተው ነበር። ንባቡ ሲካሄድ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቆዩ። አሠራሩ ሲነበብ ወይዘሮ ሎሚ አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጠው «እንቁላሉ ሦስት ነው፤ ያን ጊዜ ሁለት ስለነበረን ነው» ብለው አርመዋል። ሸምሳ ስለ ምግብ ቤቱ ተጠይቃ «አስቤ እነግራችኋለሁ» አለች። ፍቅረማርያም ተነሥቶ የወይዘሮ ሎሚን ጉልበት ሳመ፤ እርሳቸውም «ይኼ ትንሹ ነው?» ብለው ፊቱን በእጃቸው ዳሰሱት።

ጸሐፊው በወረቀቱ ግርጌ «ሰምቻለሁ፤ ይቅር ብያለሁ» የሚል ቃል ጽፎ አሻራቸውን እንዲያኖሩ ጠየቃቸው። ወይዘሮ ሎሚ ምን እንደተጻፈ አስነበቡና እንዲህ አሉ፦

«ሰምቻለሁ የሚለውን እንዳለ ተወው። ይቅር ብያለሁ የሚለውን ግን ሰርዘው። እሱ በወረቀት አይሆንም። እሷ ሃያ አንድ ዓመት ቆይታ መጥታ ስለ ዝናብ አወራችኝ። እኔም ብዙ የምላት ነገር አለኝ፤ ክፉም አለበት። እናንተ ውጡልን፤ በሩንም ዝጉት።»

ቃሉ ተሰርዟል። «ሰምቻለሁ» በሚለው ላይ የጣት አሻራቸውን አኑረዋል። ወይዘሮ ማሚቴ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። እኛም ልጆቹን ይዘን ወጣን፤ በሩንም ዘጋን። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩትን አልሰማንምና በዚህ አልጻፍንም።

(የአራቱ ምስክሮችና የጸሐፊው ፊርማ)