«እርስዎ» ድሬ ላይ ኔትወርክ የለውም

እፁዬ፣ የድሬ ሙቀት እስክሪብቶዬን ሳያቀልጠው ቶሎ ልጻፍልሽ!

ትናንት በዲጂታል ስትራቴጂ ኮርሳችን የቡድናችንን ዕቅድ አቀረብኩ፤ ነጋዴና ደንበኛን በስልክ ስለሚያገናኝ መተግበሪያ። መምህራችንን ነጅሙዲንን ካላሳመንን መውደቃችን ነው። እሱ ደግሞ ጠና ያለ ሰው ስለሆነ፣ «እርስዎ እንዳስተማሩን» ብዬ ጀመርኩ። ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ አየ። ደገምኩት፤ እንደገና ዞረ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የቡድናችን ልጅ ሳቢሪን፣ «አቦ፣ አንተ በለው! ድሬ እኮ ነው ያለኸው!» ብላ ጮኸች።

ነጅሙዲንም፣ «በዕቅድህ ሰው ሲቀራረብ ኔትወርኩ ይጠነክራል ትላለህ፤ እኔን ግን በ‹እርስዎ› ጅቡቲ አደረስከኝ» አለኝ።

እኛ ጋ ደብረ ማርቆስ መምህርን አንተ ብንል፣ በዚህ ዕድሜያችንም ወላጅ አምጡ እንባላለን! ዓይኔን ጨፍኜ «አንተ እንዳስተማርከን» አልኩት። ከሙቀቱ የባሰ ያላበኝ እሱ ነው።

«አሁን ገና ኔትወርክ ገባልህ!» ብሎ አጨበጨበ። ዕቅዳችንም አለፈ።

ወረቀቱ ሊያልቅብኝ ነው። የእናትሽን የእማማ ቦጋለችን ጉልበት ሳሚልኝ። ስመጣ አፌን አዳልጦኝ «አንቺ» ካልኳቸው ግን፣ ልጁ ገና የድሬ ኔትወርክ ላይ ነው በያቸው።

ዓብዩ